ያሠራውና የሠራው

በ«ሠራ» እና በ«አሠራ» መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት። ሰዋስው ስናስተምር «አስደራጊ» እንላታለን። ባለቤቱ እጁን ከጋቢው ሥር ሳያወጣ ሌላው ሰው እንዲሠራ አደረገ ማለት ነው። በዚህ በኩል ቋንቋችን ሐቀኛ ነው። ፈረንጅ «ንጉሡ ግንብ ሠራ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። አማርኛ ግን «አሠራ» ይልና ከንጉሡ ጀርባ ሌላ ሰው እንዳለ ሹክ ይለናል። «እሳቸውስ አሠሩ፤ የሠራው ማነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው በሩ ክፍት ነው። የጠፋው ጠያቂው ነው።

እኛ በተማርንበት ዘመን «የጎንደርን ግንብ ያሠራው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ከፈተና አይቀርም ነበር። መልሱ ዐፄ ፋሲል፣ ዋጋው አንድ ነጥብ። «የሠራውስ ማነው?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። በ2017 ዓ.ም. ግቢው ሰፊ እድሳት ሲደረግለትም እኔ በዜና የሰማሁት ስለ አሳደሱት ሰዎች ነው። መወጣጫው ላይ ተንጠልጥለው የሚያድሱትን ካሜራው በሩቁ አሳየንና አለፈ።

ይህን ያነሣሁት ሰዋስው ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። እሱንስ ትቼዋለሁ። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ቤተሰባችን ወደ ጎንደር ያደረጋትን የአንድ ቀን ጉዞ ባሰብኩ ቁጥር ይህቺ ፊደል እየመጣች ስለምትነዘንዘኝ ነው።

እኛ የአምበር ሰዎች ነን። አምበርን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ ከሉማሜ ቀጥላ የምትገኝ ከተማ ናት። ብዙው መንገደኛ በመስኮት አይቷት ያልፋል። ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ እዚያው ያርሳል። ጋሼ ዘር ቆጣሪ ነው። አንድ እንግዳ በደጁ ሲያልፍ ሰላምታው ሳያልቅ እስከ ቅድመ አያቱ ይደርስበታል። ታሪክም ይወዳል። የነገሥታቱን ስም ከነልጆቻቸው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያወርደዋል።

በዚያ ጥር ባሕር ዳር የዘመድ ሠርግ ነበረብንና ሁላችንም እዚያ ተሰባሰብን። ሠርጉ አልፎ ቅልቅሉ እስኪደርስ መሐል ላይ አንድ ቀን ባዶ ሆነ። ልጆቼ «ጎንደር!» አሉ። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ጎንደር ሲያወራ ኖሮ በዐይኑ አይቷት አያውቅም ነበርና ከልጆቹ ይልቅ የቸኮለው እሱ ሆነ። ሚኒባስ ተከራየን። ጋሼ፣ ሚስቱ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቹ፣ ዘጠኝ ዓመት የሆነው የልጅ ልጁ፣ የአባታችን እህት፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን። ዐሥር ሆነን ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን።

ከዐሥራችን ሌላ ሒሳብ ያልተከፈለለት አንድ ተሳፋሪ አብሮን ነበር። የጋሼ ትልቋ ልጅ ጉዳይ።

ይቺ ልጅ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ተልከውባት ነበር። ልጁ የመንገድ መሐንዲስ፣ ምግባሩ የተመሰከረለት፣ አባቱም አስተማሪ። ጋሼ በወጉ መሠረት «ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ሁለተኛም ቀጠረ። ሦስተኛውን «ከጥምቀት ወዲያ» አለው። በመካከሉ ነገሩ ተጣራና ተሰማ። የልጁ አያት ቀጥቃጭ ነበሩ። ከአምበር ብዙም በማይርቅ ቦታ ወናፍ እየነፉ ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር ሲሠሩ የኖሩ ሰው።

ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዝምድና እንዳይነካ ነው ይባላል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ቆጠራው ሲሄድ የሚያገኘው ዘመድ ብቻ አይደለም። መንገዱን ሁሉ እየፈተሸ ስለሚሄድ ሸማኔም፣ ፋቂም፣ ቀጥቃጭም፣ ሸክላ ሠሪም ያገኛል። ያገኘውንም ጮክ ብሎ አይናገርም። «ዘመድ ሆነን ተገኘን» ብሎ የሚመልስ አባት ስንት አለ! ሽማግሌዎቹም ገብቷቸው፣ እንዳልገባቸው ሆነው ዱላቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ለማንም ስድብ አልተነገረም። ሁሉም ተሰድቧል።

አንድ ነገር ልጨምር። መሐንዲሱ ብረት አስሮ፣ ሲሚንቶ አስፈስሶ፣ ድልድይ ሲያቆም አምበር ላይ ቢያዩት ባርኔጣ ያነሡለታል። አያቱ ያንኑ ብረት አግለው ሲደበድቡ ግን ልጆች እንዳያይዋቸው ይሸፈኑ ነበር። በአያትና በልጅ ልጅ መካከል የገባው ዲግሪ ነው። ዲግሪው ግን ወደ ኋላ አይሠራም፤ ጋብቻ ሲመጣ ተቀዶ ይጣላል።

በመንገድ ላይ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ልጅቷ ከኋላ ወንበር በመስኮት ትመለከታለች። ጋሼ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱን ይተርካል። አክስቴ መኪናው ለቁርስ ወረታ በቆመ ጊዜ ባዘቶአቸውን አውጥተው እንዝርታቸውን ያሾሩ ጀመር። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፤ እጃቸው ባዶ ሆኖ አይቻቸው አላውቅም። አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራንዝ ስንደርስ ጋሼ «ያቺ ጉዛራ ናት! ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሯት!» ብሎ ጮኸ። ልጆቹ ተንጋግተው ወደ መስኮቱ መጡ። ግንቡ ከኮረብታው ላይ ብቅ ብሎ አየንና አለፍን።

ጎንደር ገብተን ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ወረድን። አንድ ወጣት አስጎብኚ ተቀበለን። ትሑት፣ ትምህርቱን የሚወድ ልጅ ነው። ጋሼ ከቅጥሩ ፊት ሲቆም ባርኔጣውን አውልቆ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ነበር የሚመስለው። ልጁ ማስረዳት ጀመረ። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው። ቅጥሩ ዙሪያው ወደ 900 ሜትር ይደርሳል፣ የሚያቅፈው ቦታ ደግሞ ሰባት ሄክታር ገደማ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በውስጡ የፋሲል ግንብ ብቻ ሳይሆን ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ፣ ከዚያም ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እየተከታተሉ ያሠሯቸው አሉበት። የኢያሱ ግንብ ጣሪያው የለም። ጣሊያን ጎንደርን ይዞ በነበረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ የእንግሊዝ አውሮፕላን በቦምብ መታው።

ጋሼ ከልጁ አፍ እየነጠቀ ይጨምርበታል። ሲያበቃም «ይህን ሁሉ ሲገነቡ የበሉት እኮ የጎጃም ጤፍ ነው!» አለው። ልጁ የጎንደር ልጅ ነውና «አባባ፣ ጤፉንስ እሺ፤ ጠላውን ግን ለእኛ ተዉልን» ብሎ አሳቀን።

ወደ በሮቹ መጣ። ቅጥሩ ዐሥራ ሁለት በር እንዳለው ነገረንና ስማቸውን ይጠራልን ጀመር። ፊት በር፣ የዳኞቹ ወምበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ የሙዚቀኞቹ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እልፍኝ በር፣ ራስ በር፣ እርግብ በር…። «አደናግር በር» ሲል «ይኸ ደግሞ ምንድነው?» አሉ አክስቴ። «የፈታዮች በር ነው፣ እማማ። ጥጥ የሚፈትሉት ሴቶች በር።»

አክስቴ ቆሙ። «ፈታዮች በንጉሥ ቅጥር ላይ በር ነበራቸው?»

«ነበራቸው።»

«አየህ!» አሉ ወደ ጋሼ ዘወር ብለው፤ እንዝርቷን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አሳዩት። «እኔም በር አለኝ!»

እኔም ደስ አለኝ። ነገር ግን ልጁ የጠራልንን ስሞች በልቤ ስደግማቸው ከፈታይ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ሰው እንደሌለ አስተዋልሁ። ለፈታይ በር አለ። ለሸማኔ የለም። እስቲ ልብ በሉልኝ፦ በአገራችን ጥጥ መፍተል የእመቤት ሥራ ነው። ባላባቷም እቴጌዋም ፈትለዋል፤ የማትፈትል ሴት ትታማለች። ኩታውን መልበስ ደግሞ የጌታ ወግ ነው። ክሩ ክቡር፣ ኩታው ክቡር። በሁለቱ መካከል ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያውን የሚወረውረው ሰው ብቻ ነው የተናቀው። ክሩ ከአክስቴ እጅ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ በተናቀ እጅ ያልፋል፣ ከዚያ በጋሼ ትከሻ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይከብራል። ይህን ሒሳብ ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ሒሳቡን የሚጠይቅም አላየሁም።

የፋሲልን ግንብ እንዳየን፣ ቁመቱ 32 ሜትር ነው ከተባለ በኋላ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጄ አንገቱን ሰብሮ ወደ ላይ እያየ «ግን ማን ሠራው?» አለ።

«ዐፄ ፋሲል ነዋ! አሁን ሲነግሩህ አልነበር?» አለው ጋሼ።

«እሳቸው ድንጋይ ተሸከሙ?»

አስጎብኚው ሳቀ። ከዚያ ግን የተጠየቀውን በቁም ነገር ወሰደው። ኖራ ቀላቅሎ መገንባት ከፋሲል አባት ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ፣ ኢየሱሳውያኑ በነበሩበት ጊዜ መታወቁን፣ ከሕንድ የመጡ ግንበኞች እጅ እንዳለበት እንደሚነገር ነገረን። «የአገሬው ግንበኞች፣ አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች ግን» አለ፣ «ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊዎች የሚሉት ይህን ነው። ጎንደርን ያነጿት እነሱ ናቸው።»

የጋሼ የልጅ ልጅ እጁን አወጣ። ትምህርት ቤት ያለ መስሎታል መሰለኝ። «ቡዳዎቹ?» አለ።

ልጁ ክፋት የለበትም። ቤት የሰማውን ቃል በቦታው ያስገባ መስሎት ነው፤ እንዲያውም ማወቁን ሊያሳይ ፈልጎ ነበር። ማንም አልሳቀም። አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠረገ። የጋሼ ሚስት ልጁን በክርኗ ጎሰም አደረገችው። ነርሷ ምንም አላለችም፤ ወደ ቅጥሩ ጥግ ሄዳ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ቆመች። ጋሼ «ድሮ ነው፤ የድሮ ወሬ ነው» አለ። ለማን እንደተናገረ አልታወቀም።

ስለዚህ ቃል ሳስብ ሥሩን የማገኘው ከዐይን ሳይሆን ከመሬት ነው። ርስት ያለው ያርሳል። ርስት የሌለው ወናፉን ወይም ሸክላውን ይይዛል። ቤተ እስራኤሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ርስታቸውን እንዳጡ በትውፊት ይነገራል። መሬቱን ያጣ ሰው እጁ ቀረው፤ በእጁ ኖረ። ከዚያ በኋላ በእጁ መኖሩ ራሱ ነውር ተደረገበት። «መሬት የለውም» ማለት ቀስ ብሎ «ሰው አይደለም» ወደ ማለት ዞረ። ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዐይኑ ይበላል ተባለ። የፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሙስሊሞችም ቤተ እስራኤሎችም በጎንደር ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ አዘዙ። ግንቡን ያቆሙት ሰዎች ከግንቡ ራቅ በሉ ተባሉ ማለት ነው።

ቋንቋው ግን እዚህም ላይ ታዝቧል። ቀጥቃጩን «ጠይብ» ብለን የምንሰድብበት ቃል ከ«ጠቢብ» ጋር ወንድማማች ነው። በቀሚሱ ጠርዝ ላይ ሸማኔው የሚያወጣውን አበባም «ጥበብ» እንለዋለን። ለሥራው የሰጠነውን ስም ለሠራተኛው ስንሰጠው አጠመምነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ እዚያ ቆመን የልጁን ቃል ስንሰማ አዋጁ አምበር ለመድረስ ምን ያህል እንደሚቀረው መገመት አያዳግትም። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ሌላ ነው፤ እሱ ደርሷል። የመሐንዲሱ አያት መሬት አግኝተው ያረሱት ያኔ ነው። ማሳቸው ከጋሼ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ጋሼ ድንበር ተካፍሏቸዋል፣ ደቦ ጠርቷቸው መጥተውለታል፣ ሲሞቱም ቀብራቸው ላይ ቆሟል። መሬት ያጡበት ስድብ መሬት ሲያገኙ አብሮ አልሄደም።

ከግቢው ስንወጣ አክስቴ ጀበና ካልገዛሁ አሉ። አስጎብኚው ከከተማው በስተ ሰሜን ወደምትገኘው ወደ ወለቃ ላከን። ወለቃ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩባት የነበረች መንደር ናት። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። በግንቦት 1983 ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስደዋል። አሁን በመንገዱ ዳር ሸክላ ዘርግተው የሚሸጡት በብዛት ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ጀበናው አለ፣ ገሉ አለ፣ ጭቃ አንበሳው አለ፣ ሌሎቹ በነበሩ ጊዜ ይሠራ የነበረው ባለ ኮከቡ ቅርጽም አልቀረም።

አክስቴ ጀበናውን በጣታቸው ቆርቁረው ድምፁን አዳመጡና ዋጋ መከራከር ጀመሩ። ሻጯ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። አክስቴ እሱን ዐይተው «አንቺ የኛ ሰው ነሽ አይደል? ከየት ለመድሽው ይኸን?» አሏት።

«ከነሱ ነዋ። ጎረቤት ነበርን።»

«ታዲያ አይሉሽም?»

ሴትዮዋ ጀበናውን በጋዜጣ እየጠቀለለች «ሸክላ ከያዙ ወዲያ ማተብ ማን ያያል፣ እማማ?» አለቻቸው። በምሬት አልነበረም። የጀበናውን ዋጋ በተናገረችበት ድምፅ ነው የተናገረችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አምበር ላይ የምንከራከረው ስለ ዘር መስሎን ነው። ዘሩ ቢሆን ባለቤቶቹ ቴል አቪቭ ገብተዋል፤ ስድቡም ተከትሏቸው መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ወለቃ ላይ ቁጭ ብሎ ቀጣዩዋን ሴት ጠበቀ፤ ጭቃውን ስትነካ ያዛት። ዘር ቆጣሪዎቻችን እስከ ሰባተኛው ትውልድ የሚያሳድዱት አጥንት አይደለም፣ እጅ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ከሚኒባሱ ሳይወርድ በመስኮት ሰማ።

ምሳ ላይ ነው የፈነዳው። ፈነዳ ማለት ለቤተሰባችን ልማድ ነው እንጂ ሰው አልጮኸም። ክትፎውም ጥብሱም ቀርቦ ጥቂት እንደበላን አክስቴ ጉርሻቸውን አስቀምጠው ጋሼን ተመለከቱት።

«አንተ ልጅ፣ ማረሻህ ሲደንዝ ወዴት ነው የምትሄድ?»

ጋሼ ገባው። «አክስቴ፣ ማረሻ ሌላ፣ ጋብቻ ሌላ።»

«እኔስ ምን አልሁ? ማረሻህ ሲደንዝ ወዴት ነው የምትሄድ ነው ያልሁህ።»

ጋሼ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ያላሰብሁትን ነገር ተናገረ። «እርስዎ እኔ አምኜበት መስሎዎታል? እኔ ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ ካወቅሁ ስንት ዘመኔ! ሰውዬውን ዐውቃቸው የለም? ከሳቸው የሚሻል ጎረቤት አላየሁም። ነገር ግን ይቺን ለዚያ ቤት ከሰጠሁ የታናሿን ደጅ ማን ይረግጣል? ነገ ለዚህ ለልጁ ልጅ ማን ሚስት ይሰጠዋል? የኔ አለማመን አምበርን አያሳምን!»

እኔ ክርክር አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ድንቁርና፣ ስለ አጉል እምነት። ጋሼ ግን የማያምን ሰው ሆኖ ተገኘና ክርክሬ ሁሉ እጄ ላይ ቀረ። ኋላ ሳስበው የሚያስፈራው ይኸኛው ነው። የሚያምን ሰው ቢሆን ይማራል፣ ይመከራል። አምበር ላይ ቤት ለቤት ሄደን ብንጠይቅ እንደ ጋሼ ያለው ብዙ ይመስለኛል፤ ለየብቻው የማያምን፣ ጎረቤቴ ያምናል ብሎ ግን እንዳመነ ሰው የሚኖር። ጎረቤቱም ስለ እሱ እንደዚያው ያስባል። አንዱ ሌላውን እየፈራ ስድቡን ያለ ባለቤት በሕይወት ያኖሩታል።

ነርሷ እስካሁን አልተናገረችም ነበር። እጇን ታጥባ ተመለሰችና ተቀመጠች።

«አባየ» አለች፣ «ያልከው እውነት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው ወር አንዲት እናት ልጇን አመጣችልን። ሳንባ ምች ነው። ከታመመ አምስተኛ ቀኑ ነበር። አራቱን ቀን "ቡዳ በልቶታል" ተብሎ ከደብተራ ወደ ደብተራ ሲያዞሩት ነበር። ማን በላው እንደተባለ ደግሞ ስሙን ጠርተው ነገሩኝ፤ የሰፈሩ ቀጥቃጭ ነው። አልደረስንለትም፣ አባየ። እናንተ በሽማግሌ ፊት በሹክሹክታ የምትሉት ነገር እኛ ጋ ሲደርስ ሕፃን ይገድላል። ለእኔ ባልየው ቢቀር ይቅር።»

ከዚያ በኋላ የተነገረ ነገር የለም። ጋሼ ሒሳቡን ካልከፈልሁ ብሎ ከእኔ ጋር ታገለ፣ ከፈለም። መመለሻችን ላይ ነገሥታቱን አልተረከም። ልጆቹ ተኝተው ነበር። አክስቴ ጀበናቸውን እንዳይሰበር እቅፋቸው ላይ አድርገው እስከ ባሕር ዳር መጡ።

የጋሼ ቀጠሮ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ፈጀ። እምቢም እሺም አላለም። ሽማግሌ ሲመጣበት አዝመራ ነው ይላል፣ ፍልሰታ ነው ይላል፣ የሞተ ዘመድ ያወጣል። ልጆቹም እንደ ብዙዎቹ ኮብልለው አዲስ አበባ መግባት ይችሉ ነበር፤ አልገቡም። «በበሩ ነው የምወጣው» አለች ልጅቷ። ጋሼን ያዳነው፣ ቢያስቅም፣ ኮሮና ነው። በመጋቢት መጨረሻ 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ጋሼ በግንቦት ሽማግሌዎቹን አስጠራና «በሉ ይሁን፤ ድግስ ግን የለም፣ መንግሥት ከልክሏል» አለ። ያልተጠራ ጎረቤት አልመጣም አይባልም። አምበር እምቢ ሳይል፣ አምበርም እሺ ሳይል፣ ጋሼ ልጁን በማስክ ዳረ። አክስቴ በዚያ ጉዞ የፈተሉት ክር ጋቢ ሆኖ ለሙሽራው ተሰጠው። ማን እንደሸመነው ጋሼ እንደማይጠይቅ ያውቁ ነበርና ሳይጠየቁ ነገሩት።

የቀረችው ታናሿ ናት፤ ያ ሁሉ ፍርሃት የተፈራላት። በጥር 2015 ዓ.ም. ሽማግሌ መጣላት። የልጁ ወገኖች እነሱም ቆጣሪዎች ናቸውና በሁለተኛው ቀጠሮ «የእህቷ ባል የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ያን ማታ ጋሼ ደወለልኝ።

«ጠየቁኝ» አለ።

«ምን አልኻቸው?»

«ነገርኋቸው።»

ምን ብሎ እንደነገራቸው አልጨመረልኝም፤ እኔም አላስጨነቅሁትም። ልጅቷ በየካቲት መጀመሪያ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ተዳረች። በዚያ ዓመት ክረምት በክልሉ ግጭቱ ሳይበረታ፣ መንገዱም ሳይከፋ በፊት ቤተሰባችን ከየአገሩ ተጠራርቶ የተሰበሰበበት የመጨረሻው ሠርግ ነበር። ከአምበርም የመጣ መጣ፣ የቀረም አለ። መሐንዲሱ ጋቢውን ለብሶ ከጋሼ ጎን በድንኳኑ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲያስገባ ዋለ።